ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠው፦ አንድ ሰዓት በትሬትያኮቭ ጋለሪ

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገርና ዝርዝሩን ከዚያ እናወራለን። ሞስኮ የመሄድ ዕድል ካገኛችሁ፣ ለሥራ ይሁን ለትምህርት ወይ ለዘመድ ጥየቃ፣ ግማሽ ቀን ቆርጣችሁ ትሬትያኮቭ ጋለሪ ግቡ። ከዚያ ግማሽ ቀን ላይ ደግሞ አንድ ሙሉ ሰዓት ለአንድ ሥዕል ስጡ። ሥዕሉ የሩሲያዊው ሠዓሊ የሚኻይል ቭሩብል «የተቀመጠው ጋኔን» ነው። እኔ ከአምስት ኮከብ አምስቱንም ሰጥቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በሁለት ደቂቃ ፎቶ አንስቶት ሲያልፍ አይቻለሁና እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴ ነው ያረረው።

ስሙ እንዳያስደነግጣችሁ። እማዬ በስልክ ስነግራት «በስመ አብ ወወልድ! ያን ሁሉ አገር አቋርጠሽ የሄድሽው የጋኔን ሥዕል ልታዪ ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ጋኔን የሚለው ቃል እኛ ቤት የሚነሳው የጠበል ወሬ ሲመጣ ነው። ሠዓሊው ራሱ ግን በዚህ ነገር ይበሳጭ ነበር። ሰዎች ጋኔንን ከቀንዳሙ ሰይጣን ጋር ያምታቱታል፣ በግሪኩ ግን ቃሉ ነፍስ ማለት ነው ይል ነበር። እሱ የሣለው ክፉ መንፈስ አይደለም። የሚሠቃይ፣ የሚያዝን፣ ያም ሆኖ ኃይልና ግርማው ያልተለየው መንፈስ ነው። ለእማዬ ይሄን ሁሉ አላስረዳኋትም። «እማዬ፣ አንድ የተከዘ ልጅ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

ሥዕሉ ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ ወደ አፋችሁ የሚመጣው ይሄው ነው። ምን ሆኖ ነው?

እኔ ይሄን ሥዕል የማውቀው ከልጅነቴ ነው። አጎቴ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ሞስኮ ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። ከዚያ ካመጧቸው ዕቃዎች ውስጥ አንዲት ፖስት ካርድ ነበረች። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጎን፣ ግድግዳው ላይ በስኮች ተለጥፋ ኖረች። ጀርባዋ ላይ የሩሲያኛ ጽሑፍ አለ፣ ማዕዘኖቿ ከመነካት ብዛት ክብ ሆነዋል። ቤቱ ክረምት ክረምት ያፈስ ነበርና የካርዷ ቀኝ ጎን ውኃ ገብቶበት ቡናማ እድፍ ይዟል። የሚታየው ከወገቡ በላይ እርቃኑን የሆነ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጸጉሩ ጥቁርና ጎፈር ያለ ወጣት ነው። መሬት ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፏል። ሌላ ነገር የለም። እድፍና ጨለማ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ነበር የሚመስለኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ ማነው?» ይላል፣ ጋሼም «ጓደኛዬ ነው» ይላሉ። ለብዙ ዓመት እውነት መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ አምና መሥሪያ ቤቴ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ሞስኮ ሲልከኝ፣ ከሻንጣዬ በፊት ያዘጋጀሁት የዚህን ሥዕል ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋር ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ገንዘቡን ተቀበሉን፣ «ጋለሪው ተካቷል» አሉን፣ ከዚያ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንደ በግ ነዱን። አስጎብኚው ትልልቆቹን የጦርነትና የንጉሥ ሥዕሎች እያሳየ በሩጫ ያወራል። የቭሩብል ክፍል በር ላይ ስንደርስ ሰዓቱን አየና «አውቶቡሱ እየጠበቀን ነው» አለ። በበሩ በኩል አሻግሬ አንድ ሰማያዊ ነገር አየሁ፣ በቃ። ያን ቀን ሆድ ባሰኝ። ከዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ፦ ጋለሪን «ተካቷል» በሚል ጥቅል አትግዙ። ትኬቱን ራሳችሁ ቁረጡ፣ ብቻችሁን ሂዱ፣ ወይ ደግሞ ዝም ብሎ መቆም ከሚችል ሰው ጋር።

በነጋታው እሑድ ብቻዬን ተመለስኩ። መንገዱ ቀላል ነው። ሜትሮው ራሱ ትሬትያኮቭስካያ የሚባል ጣቢያ አለው፣ ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ጎዳናው ላቭሩሺንስኪ ይባላል። ሕንፃውን ከሩቅ ታውቁታላችሁ፣ ምክንያቱም ተረት ውስጥ ያለ ቤት ነው የሚመስለው፣ ፊቱን የነደፈው ቪክቶር ቫስኔትሶቭ የሚባል ሌላ ሠዓሊ ነው። ቀና ስትሉ በሩ አናት ላይ ማን አለ? ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን በጦር የሚወጋው ጊዮርጊስ። የሞስኮ ከተማ ዓርማ ነው። ያን ሁሉ በረዶና የማላነበው ፊደል አልፌ እሱን ሳየው፣ አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ የቆምኩ ያህል ደረቴ ሞቀ።

ስለ ቦታው ጥቂት። ፓቬል ትሬትያኮቭ የሞስኮ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1856 ሥዕል መሰብሰብ ጀመረ፣ በ1892 ያን ሁሉ ስብስብ ለከተማዋ ሰጠ። ቭሩብልም የተወለደው በዚያው በ1856 ነው፣ ኦምስክ ውስጥ። ጋኔኑ ግን እዚህ የገባው ነጋዴው ካረፈ ብዙ ቆይቶ ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ።

የመጀመሪያው ድንጋጤ ልኩ ነው። እኔ የማውቀው መዳፍ የሚያህል ካርድ ነው። ይሄኛው ወርዱ ከ2 ሜትር በላይ ነው። ቁመቱ ግን 1 ሜትር ከምናምን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ረጅምና ዝቅ ያለ፣ ጣራው እንደተጫነው ቤት ነው። ያ ግዙፍ ልጅ እዚያ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ራሱ የሥዕሉን ጫፍ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ቢነሳ አይችልም፣ ቦታ የለውማ። ካርዷ ላይ ይሄ አይታወቅም ነበር። እዚያ ግን አንገታችሁን ሳታስቡት ዝቅ ታደርጋላችሁ።

ከዚያ ክንዶቹን ታያላችሁ። የጡንቻው ነገር ጉድ ነው። ትከሻው፣ ጡንቻው፣ የእጁ ጅማት፣ ተራራ የሚገፋ ሰው ነው። እና ያ ሁሉ ኃይል ምን እየሠራ ነው? ጣቶቹን አቆላልፎ ጉልበቱን አቅፏል። ሌላ ሥራ የለውም። እዚህ ላይ የገባኝን ነገር በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩትም፣ አማርኛችን ነው የነገረኝ። እኛ ለእግር መታጠፊያውም ለኃይሉም ያለን ቃል አንድ ነው፣ ጉልበት። ይሄ ልጅ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። በሁለቱም ትርጉሙ። ያለውን ኃይል ሁሉ ሰብስቦ፣ የሚያደርግበት አጥቶ፣ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ይዞታል። ሥራ ያጣ ጎረምሳ፣ ዲግሪውን ይዞ ሰፈር ድንጋይ ላይ የሚውል፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ አስፋልቱን የሚያይ፣ ሁላችንም እናውቃለን እኮ። ወንድሜ ሁለት ዓመት እንዲያ ተቀምጧል። እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ያስታወስኩት እሱን ነው፣ የግቢያችን ደረጃ ላይ፣ በዚሁ አቀማመጥ፣ ልክ በዚህ የአንገት አዘነባበል። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ፊቱ አይጮህም። ቁጣም የለበትም። ወደ ጎን ያያል፣ ወደ ሩቅ፣ ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፣ ከስራቸው ጨለም ብሏል። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። በእኛ በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ክፉ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይሁዳን እዩ፣ ገራፊዎቹን እዩ። ሰይጣንም እንደዚያው። ልጅ ሆነን ማን ጥሩ ማን መጥፎ እንደሆነ የምንለየው ዓይን ቆጥረን ነበር። ቭሩብል ጋኔን ብሎ ጠርቶት ሁለት ዓይን ሰጥቶታል። በእኛ ቤት ሕግ ካየነው ፈርዶለታል ማለት ነው። ሠዓሊው የእኛን ሥርዓት አያውቅም፣ ይሄ የእኔ አነባበብ ነው። ግን ከባይዛንታይን አሣሣል ጋር በደንብ ይተዋወቅ ነበር፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

ቀጥሎ ቀኝ ጎኑ። ካርዷ ላይ እድፍ የነበረበት።

አበባ ነው! ሙሉው አበባ ነው። የልጁን ራስ የሚያህሉ፣ ከዚያም የሚበልጡ፣ ነጭ፣ አመድማ፣ ሮዝ፣ ወይን ጠጅ አበቦች፣ እንደ ተሰባበረ መስታወት ጠርዝ ጠርዝ ያላቸው፣ ከቀኝ በኩል እየገፉ መጥተው ትከሻው ድረስ ደርሰዋል። በወዲያ በኩል ጀምበር እየጠለቀች ነው፣ ብርቱካናማና ቢጫ፣ ከላይ ሰማዩ ሐምራዊ እየሆነ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይሄ ልጅ ጨለማ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ መስሎኝ ነበር። ለካ የአበባ ማሳ ውስጥ ነው። ለካ ዓለም በሙሉ አበባ ይዞ ከጎኑ ቆሟል፣ እሱ ግን ፊቱን ወደዚያ አላዞረም። ይሄ ካወቅኩ በኋላ ትካዜው የባሰ ነው የከበደኝ። ጨለማ ውስጥ ማዘን ያለ ነው። አበባ መሃል ማዘንን ግን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ሁሉ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ጥግ ይዞ እንደመቀመጥ ነው።

ተጠጋሁ። እያንዳንዱ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ የሚቀመጡ እናቶች አሉ፣ ሥዕሉን የሚጠብቁ። የዚያ ክፍል ጠባቂ ሹራብ የደረቡ ትልቅ ሴት ናቸው። ከመጠጋቴ የተነሳ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ብድግ ብለው «ዶችካ» አሉኝ። ልጄ ማለት ነው፣ ይቺን ቃል ጋሼም ይጠሩኝ ነበር። ከዚያ በእጃቸው መጀመሪያ ያለሁበትን አሳዩኝ፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ፣ ሌላኛው ግድግዳ አጠገብ። ሁለቱንም እያዪ ማለታቸው ነው። ያለ አንድ የጋራ ቋንቋ ከዚህ የተሻለ አስጎብኚ አላጋጠመኝም።

እናም የምመክራችሁ ይሄን ነው። ከቅርብ ስታዩት አበባም ሰማይም የለም። ያለው ቀለም ብቻ ነው፣ ወፍራም፣ ጠፍጣፋ፣ በብሩሽ ሳይሆን በቀለም ቢላ የተለጠፈ። ቅቤ ዳቦ ላይ እንደሚለቀለቅ፣ አንድ ጊዜ ጫን አድርጎ ይስበዋል፣ ያቆማል። ቀጥሎ በሌላ አቅጣጫ ሌላ። እያንዳንዱ ጭረት አራት ማዕዘን ወይ ሦስት ማዕዘን ነገር ይሆናል፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ትንሽ ተነስቶ ይቆማል፣ ብርሃን ሲመታው ያቺ ጠርዝ ታበራለች። አንዱ አበባ ላይ ቆሜ ከዳር እስከ ዳር ተከታተልኩት። ነጭ መስሎኝ የነበረው ውስጡ አረንጓዴ አለው፣ ሰማያዊ አለው፣ አንዲት የጡብ ቀለም ያላት ጭረት አለችው። ከዚያ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ስትሄዱ ያ ሁሉ የተበታተነ ነገር ይሰበሰብና ድንጋይ ይሆናል፣ አበባ ይሆናል፣ ቆዳ ይሆናል። አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። እሳቸው ፈገግ እያሉ ያዩኛል።

ይሄን አሠራር ከየት አመጣው ካላችሁ፣ ከሞዛይክ ነው። ቭሩብል ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1884፣ ኪየቭ ሄዶ የቅዱስ ቄርሎስን የጥንት ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች እንዲያድስና አዳዲስ እንዲጨምር ተቀጠረ። ለዚያው ሥራ ቬኒስ ወርዶ የድሮ የባይዛንታይን ሞዛይኮችን አጠና። ሞዛይክ ማለት ትንንሽ ባለቀለም ድንጋይና መስታወት እየደረደሩ መሣል ነው። እሱ ያንን በቀለም ሠራው። እኔ ደግሞ ትዝ ያለኝ አዲስ አበባ ነው። አፍሪካ አዳራሽ የገባችሁ፣ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ያያችሁ፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን፣ ፀሐይ ከጀርባው ስትመጣ ቀለሙ ወለሉ ላይ ሲፈስ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። የጋኔኑ አበቦች እንደዚያ ናቸው። ከኋላቸው መብራት ያለ ነው የሚመስለው፣ የለም ግን።

ሐሳቡ የመጣው ከአንድ ግጥም ነው፣ የሩሲያዊው ገጣሚ የሌርሞንቶቭ። ከሰማይ የተባረረ መንፈስ በካውካሰስ ተራሮች ላይ ሲዞር አንዲት የጆርጂያ ልዕልት ይወዳል። ግጥሙን ሳታነቡም ሥዕሉ ይገባችኋል፣ ስለዚህ ብዙ አልሄድበትም። ቭሩብል ጋኔኑን ገና ኪየቭ እያለ ጀምሮት ሲተወው፣ እንደገና ሲያነሳው ቆይቶ፣ ይሄኛውን በ1890 ሞስኮ ውስጥ ጨረሰው፣ ሳቫ ማሞንቶቭ የሚባል የባቡር ሐዲድ ከበርቴ ቤት ተጠግቶ። እየሣለ ሳለ ለእህቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ምን እንደሚሣል ነግሯታል፦ ግማሽ እርቃኑን የሆነ፣ ክንፍ ያለው፣ በሐዘን የተመሰጠ ወጣት፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ከአበባው ማሳ የጎበጡ ቅርንጫፎች ወደ እሱ ሲዘረጉ። ወደ እሱ ሲዘረጉ! አበቦቹ እጃቸውን እየሰጡት ነው ማለት ነው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ቀኝ ጎኑን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። ክንፉን ግን ፈልጌ ፈልጌ አላገኘሁትም። አልጎደለበትም። በዚያ አቀማመጥ ክንፍ ቢኖረውስ የት ሊሄድበት ነው?

የሠዓሊው ሕይወት መጨረሻው ያሳዝናል። ጋኔኑ አልለቀቀውም። በ1902 «የወደቀው ጋኔን» የሚለውን ትልቁን ሥዕል ሠራ፣ ኤግዚቢሽን ላይ ተሰቅሎ ሰው እያየው እንኳ እየሄደ ፊቱን ደጋግሞ ይቀባው ነበር። በዚያው ዓመት አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ። በ1903 ሕፃን ልጁ ሞተበት። በ1906 ዓይኑ ጠፋ። ሠዓሊ ዓይኑ ሲጠፋ አስቡት። አራት ዓመት በጨለማ ኖሮ በ1910 አረፈ። የወደቀው ጋኔንም እዚያው ጋለሪ ነው ያለው፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። እኔ ግን የተቀመጠውን ነው የምወደው። ያኛው ወድቋል፣ አልቋል። ይሄኛው ገና ተቀምጧል። ሊነሳ ይችላል ብላችሁ ታስባላችሁ፣ ቦታ እንደሌለው እያያችሁም።

ስለ ቭሩብል ሌሎች ሥዕሎች ቶሎ ቶሎ ልበልና ልለፍ። «የስዋን ልዕልት» አለች፣ 1900፣ ባሕር ላይ ሲመሽ ዞር ብላ የምታይ፣ ዓይኗ ፊቷን የሞላ። የፑሽኪን ተረት ናት፣ ያ ቅድመ አያቱ ከአፍሪካ የተወሰደውና እኛም የራሳችን የምንለው ፑሽኪን። የቭሩብል ሚስት ዘፋኝ ነበረች፣ ይቺን ልዕልት በኦፔራ መድረክ ላይ የተጫወተችው እሷ ናት። «ፓን» አለ፣ ጨረቃ ከረግረጉ በላይ ጎብጣ የወጣችበት፣ ዓይኑ ሰማያዊ የሆነ ሽማግሌ። «ሊላክ» አለች፣ ሊላክ በሚባለው አበባ ውስጥ ጥላ መስላ የተደበቀች ልጅ። ግድግዳ የሚያህለው «የሕልም ልዕልት» ደግሞ 7 ሜትር ተኩል በ14 ነው። በ1896 ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ኤግዚቢሽን ላይ ዳኞቹ አንቀበልም ሲሉት ማሞንቶቭ በራሱ ገንዘብ ለብቻው ማሳያ ቤት ሠራለት። በኋላ ተጠቅልሎ ለዓመታት ተረስቶ፣ በ1956 ቦልሾይ ቲያትር ዕቃ ቤት ተገኘ። ይሄ ሁሉ ድንቅ ነው። ግን አንድ ሰዓት ብቻ ካላችሁ አትከፋፍሉት። ለጋኔኑ ስጡት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኛ ሰዎች ደስ የሚል ነገር ነው። ቭሩብል ሥዕል የተማረው ሴንት ፒተርስበርግ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ውስጥ ነው። ያ ሕንፃ በኋላ የሬፒን ተቋም ሆነ። የእኛ ትልቁ ሠዓሊ ታደሰ መስፍን የተማሩትም ሬፒን ነው። የእሳቸውን ገበያ የቆሙ ሴቶች ያያችሁ፣ ያን ከጀርባቸው በጠፍጣፋ ቀለም የተከፋፈለ ዓለም ያያችሁ፣ የቭሩብል ክፍል ውስጥ እንግዳ አትሆኑም። ከዚህ ወሰዱ አላልኩም። ጎን ለጎን ሳስባቸው ግን ደስ ይለኛል።

ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ሰኞ ዝግ ነው። በዓለም አቀፉ ቪዛና ማስተርካርድ እዚያ መክፈል አይቻልም፣ ከ2022 ጀምሮ ከውጭ የወጣ የእነሱ ካርድ ሩሲያ ውስጥ አይሠራም፣ ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ታክሲ ውስጥ «ትሬትያኮቭ» ብቻ አትበሉ፣ ምክንያቱም ክሪምስኪ ቫል የሚባል ቦታ ሁለተኛ ሕንፃ አላቸው፣ እዚያ ያለው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። «ላቭሩሺንስኪ» በሉ። ካፖርታችሁን ከታች ታስቀምጣላችሁ፣ ነፃ እጅ ይሻላል። በጆሮ የሚደመጥ አስጎብኚ በእንግሊዝኛም አለ፣ እኔ ግን ለዚህ ሥዕል አውልቄዋለሁ። ፎቶ ያለ ፍላሽ ማንሳት ይቻላል። ቅዳሜና እሑድ ሰው ይበዛል። እኔ ጠዋት በሩ ሲከፈት ገብቼ ሃያ ደቂቃ ያህል ከጠባቂዋ እናት በቀር ማንም ሳይኖር አየሁት፣ ያቺ ሃያ ደቂቃ ናት የጉዞዬ ሁሉ ዋጋ።

በፎቶ ወይ በስልክ አይበቃም ወይ ለምትሉኝ፣ አይበቃም። ከመሄዴ በፊት ለጋሼ ልደት ብዬ አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት በትልቁ አሳትሜው ነበር። ጥሩ ገንዘብ ከፍዬበታለሁ። የመጣው ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ የሆነ ነገር ነው። ጀምበሯ ጠፍታለች፣ አበቦቹ የበረዶ ቁርጥራጭ መስለዋል፣ ቆዳው ሬሳ። ስመልስላቸው «ፋይሉ ነው» አሉኝ። ለጋሼ አልሰጠኋቸውም፣ ቁም ሳጥን ጀርባ አለ። አሁን ሳስበው ጥፋቱ የእነሱ ብቻም አይደለም። ያ የቢላ ጠርዝ፣ ያ ተነስቶ የሚቆመው ቀለም፣ ወረቀት ላይ ምን ቢደረግ አይመጣም። በጎን ስትሄዱ አብሯችሁ የሚለዋወጥ ሥዕል ነው። በቀኝ በኩል ሆናችሁ ስታዩት የሚያበራው ሌላ፣ በግራ በኩል ሌላ።

ስወጣ ከሱቁ አንዲት ፖስት ካርድ ገዛሁ። ትንሿን። ልክ የጋሼን የምታህለውን መርጬ።

አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ነበር። ካርዷን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፊቷን ሳያዩ መጀመሪያ ገለበጧትና የሩሲያኛውን ጽሑፍ አነበቡ፣ በድምፅ፣ ቀስ ብለው፣ ተማሪ እንደሚያነብ። ከዚያ አዞሯት። ቀኝ ጎኗ ላይ ብዙ ቆዩ።

«ጋሼ፣ አበባ እንዳለው ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ነበረው እኮ» አሉ። «ነበረው። እኔ ራሴ ረስቼው ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሲኒው እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። የተማሩበትን ክረምት፣ የሕንፃቸውን አራተኛ ፎቅ፣ እሑድ እሑድ ለተማሪ በርካሽ ይገቡ እንደነበር፣ ከአንድ የጎጃም ልጅ ጋር ሆነው እዚያ ሥዕል ፊት እንደቆሙና ያ ልጅ «ይሄስ አገሩ የናፈቀው ነው» እንዳላቸው ነገሩኝ። ይሄን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ ስኮቹን ከመሳቢያ አወጡ። አሮጌዋን ያነሷታል ብዬ ነበር። አላነሷትም። አዲሷን ከጎኗ፣ እድፉ ባለበት በቀኙ በኩል፣ ጠጋ አድርገው ለጠፏት።